የላላ የእጅ ፍሬን፦ ካቦው ከመነካቱ በፊት ሸራው ይቅረብ

የእጅ ፍሬን አልይዝ ሲል አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ወደ ካቦው፣ ከማንሻው ተነስቶ ፍሬኑን ወደሚጎትተው የብረት ገመድ ነው። መኪናው ሥር ገብቶ ዳዶዋን ሁለት ሦስት ዙር ማጥበቅ ጊዜ አይፈጅም፤ ማንሻውም ወዲያው ጠንከር ስለሚል ሥራው ያለቀ ይመስላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ያው መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ቀስ እያለ መንሸራተት ይጀምራል። መኪናውን የሚይዘው ታምቡሩ (የሚዞረው ጎድጓዳ ብረት) ውስጥ ያለው ሸራ (ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ልባስ) ነው፤ ካቦው መልእክተኛ ብቻ ነው። ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ከተቀመጠ ካቦው የሚጎተተውን ርቀት ሁሉ ሸራውን እዚያ ለማድረስ ይጨርሰዋል፤ አጥብቆ ለመያዝ የሚተርፍ የለም።

የባሰም አለ። ያለ ልክ የጠበቀ ካቦ ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ማንሻ ከማረፊያው አንስቶ ያስቀረዋል። በዚህ ጊዜ ሸራውን በራሱ የሚያቀርበው መሣሪያ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀጣዩን ጥርስ መያዝ ስለማይችል ሥራውን ያቆማል። ሸራው በሄዱበት ሁሉ እየታከከ ይሞቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ካቦውን ማላላት፣ ከዚያ ሸራውን ማቅረብ፣ በመጨረሻ ካቦውን መልሶ ማስተካከል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከአዲስ አበባ ዳር ላሉ አሽከርካሪዎች ነው፤ ለሱሉልታ፣ ለቡራዩ፣ ለሰበታ፣ ለሰንዳፋ፣ ለቱሉ ዲምቱ። እዚያ ሃይሉክሱም፣ ሃርድቶፑም፣ ፕራዶውም ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ይመላለሳል፤ የሚቆመውም ጠርዝ በሌለው ተዳፋት ላይ፣ ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የማይዝ የእጅ ፍሬን ይዞ መንዳት የሰው ሕይወት ማስያዝ ነው።

የመኪናዎን ዓይነት ይለዩ

በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የኋላ ጎማው ሙሉ በሙሉ በታምቡር የሚሠራው ነው፤ የእግር ፍሬኑም የእጅ ፍሬኑም ያንኑ ሸራ ይጠቀማሉ። ብዙ ሃይሉክሶችና የቆዩ ሃርድቶፖች እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ኋላው ዲስክ ሆኖ፣ በዲስኩ መሃል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ለእጅ ፍሬን ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ታምቡር ያለው ነው፤ ፕራዶና 80ኛውን ወይም 100ኛውን ተከታታይ ላንድክሩዘር የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ያገኛል። ሦስተኛው ጎማው ላይ ጭራሽ የለም፤ ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) በስተኋላ፣ ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ) ከሚነሳበት ቦታ ላይ የተቀመጠ አንድ ታምቡር ነው። ላንድሮቨር ዲፌንደርና ብዙ ኒሳን ፓትሮል ይህን ይጠቀማሉ። የእሱን ጉዳይ መጨረሻ ላይ ለብቻው አነሣዋለሁ፤ አደጋውም ለየት ይላል።

ከመፍታት በፊት ማንሻውን ያዳምጡ

ሞተር አጥፍተው፣ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ማንሻውን በመደበኛ ጉልበት ይሳቡና ስንት ጊዜ ቀጭ እንደሚል ይቁጠሩ። በመቀመጫዎች መሃል ያለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 9 ባለው መካከል መያዝ አለበት። ከዳሽቦርድ ሥር እንደ ዱላ የሚሳበው ዓይነት ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ትክክለኛው ልክ የመኪናው ማንዋል ላይ አለ።

ማንሻው እስከ ላይ ከወጣ ሸራው ርቋል ወይም ካቦው ተለጥጧል። በጥቂት ጠቅታ ድርቅ ብሎ እየቆመ መኪናው ግን ካልተያዘ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ተጣብቋል፣ ወይ ሸራው ዘይት ጠጥቷል፣ ወይ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ካቦውን ብቻ አጥብቆ ሄዷል። ማንሻው ከተሳበ በኋላ በራሱ እየሾለከ ከወረደ ደግሞ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው፤ እሱ በማስተካከል አይድንም፣ መለወጥ አለበት።

ሙሉ ታምቡር ያለው ቶዮታ ከሆነ ምንም ሳይፈቱ የሚሞክሩት ነገር አለ። በብዙዎቹ ላይ ሸራውን በራሱ የሚያቀርበው መሣሪያ የሚሠራው የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ነው። መኪናው ቆሞ እያለ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ይሳቡ፣ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ ደጋግመው ይህንኑ ያድርጉ፤ ረዳትዎ ከኋላ ጎማው አጠገብ ሆኖ ያዳምጥ። ታምቡሩ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ እስኪጠፋ ይቀጥሉ። መሣሪያው ጤነኛ ከሆነ ብቻውን ማንሻውን ወደ ልኩ ሊመልሰው ይችላል። ማርሽ አስገብቶ ብቻ የሚያቆምና የእጅ ፍሬን የማይስብ ሰው መኪናው ላይ ሸራው እየራቀ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታና ዝግጅት

ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ሁለት የብረት ማቆሚያ፣ ሁለት ታኮ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ (አንዱ ቀጭን)፣ መዶሻ፣ ከ10 እስከ 14 ያሉ ቁልፎች፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዝገት ማላቀቂያ፣ ግሪስ፣ ባትሪ መብራትና አንድ ባልዲ ውሃ ያዘጋጁ።

ቦታው ሜዳና ጠንካራ ይሁን። በአቃቂ፣ በዱከምና በሰንዳፋ በኩል ያለው ግቢ አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ላዩ ገረጋንቲ ቢለብስም ክሪኩ ክብደት ሲያርፍበት አንድ ጎኑ ሰምጦ ሊያጋድል ይችላል። ሰፊና ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ያድርጉ። ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ሥራውን ማስተላለፍ ይሻላል።

ብሎኬት መኪና መደገፊያ አይደለም። በየግቢው በብዛት ስለሚገኝ እጅ ይቀናዋል፤ ነገር ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምንም ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈረከሳል። የብረት ማቆሚያ ከሌለዎት ከጎረቤት ጋራዥ ይዋሱ፤ ያም ካልተገኘ መኪናው ሥር አይግቡ።

የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያስይዙ። የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅና ማርሹ ዜሮ ስለሚሆን መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ነው። የኋላ ጎማዎቹን ብሎኖች መሬት ላይ እያለ ትንሽ ያላሉ፣ ከዚያ ኋላውን በሙሉ አንስተው ማቆሚያውን ከዲፈረንሻሉ (በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ካለው የማርሽ ሳጥን) ግራና ቀኝ ባለው ወፍራም ብረት ሥር ያሳርፉ። ፎር ዊል ገብቶ ከሆነ ያስወጡት።

ካቦውን ያላሉ፣ የጎማ በኩል ማንሻውን ያላቅቁ

ካቦው ላይ የማስተካከያ ዳዶ አለ፤ አንዳንዱ ላይ ከማንሻው ሥር፣ አንዳንዱ ላይ ከመኪናው ሥር ካቦው ለግራና ለቀኝ በሚከፈልበት ቦታ ነው። ብሩሽ አድርገው፣ ማላቀቂያ ነፍተው፣ ትንሽ ጠብቀው ይፍቱት። ሁለቱም ካቦዎች ረገብ እስኪሉ ድረስ ያላሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር እንምጣ። በሃይሉክስና በመሰል መኪኖች ላይ ካቦው ታምቡሩ ውስጥ በቀጥታ አይገባም። ከጎማው በስተውስጥ፣ ሸራው የተቀመጠበት ቆርቆሮ ጀርባ ላይ፣ በአንድ ፒን ዙሪያ የምትዞር የታጠፈች ማንሻ አለች፤ ካቦው እሷን ይጎትታል፣ እሷ ደግሞ ውስጥ ያለውን። ፒኗን ከጭቃ የሚከላከል የጎማ ሽፋን አላት፤ ሽፋኑ ከተቀደደ የክረምት ጭቃ ገብቶ በበጋ ይደርቅና ከዝገቱ ጋር አብሮ ያጣብቃታል። ያኔ ካቦው ቢጎተትም ጉልበቱ እዚያው ይቀራል፤ ወይም ደግሞ ማንሻዋ ሄዳ ስለማትመለስ ሸራው ሳይለቅ ይቀራል። ለላላ የእጅ ፍሬን ብዙ ሸራ በከንቱ የሚለወጠው ይህችን ማንሻ ያየ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

ፈተናው በጣት ነው። ካቦው ከረገበ በኋላ ማንሻዋን በእጅ ይግፉና ይልቀቋት። ጠቅ ብላ ካልተመለሰች ተጣብቃለች። ፒኗን አውጥተው፣ ዝገቱን በብሩሽና በቀጭን የአሸዋ ወረቀት አጽድተው፣ ግሪስ ቀብተው ይመልሷት፤ የተቀደደውን የጎማ ሽፋንም ይለውጡ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ይዞ መሄድ ብዙ ምልልስ ያድናል። ማንሻዋ የምታርፍበት ትንሽ የማቆሚያ ብሎን አለ፤ ከማንሻዋ ጋር ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ሊሆን ይገባል። ሰፍቶ ከተተወ የካቦው ጉዞ እዚያ ይባክናል።

ሸራውን ማቅረብ

ሙሉ ታምቡር ከሆነ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ በትንሽ የጎማ ውታፍ የተዘጋ ሞላላ ቀዳዳ ይፈልጉ። ውታፉን ነቅለው በመብራት ሲያዩ ጥርሳም የሆነች ክብ ዳዶ ትታያለች። በካቻቢቴ ጥርስ በጥርስ ያዙሯት፤ በየጥቂት ጥርሱ ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ። ጎማው እየከበደ ከሄደ አቅጣጫው ትክክል ነው፤ እየቀለለ ከሄደ ወደ ሌላው ያዙሩ። ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ካጠበቁ በኋላ ቀስ ብለው ይመልሱ። ለመመለስ ግን ራሱን የሚያስተካክለው ቀጭን ብረት ጥርሱን ይዞ ስለሚከለክል በቀጭኑ ካቻቢቴ ብረቱን ገፋ አድርገው ይዘው በሌላው ማዞር ያስፈልጋል። ካልገፉት ጥርሱን ይበላዋል። ጎማው በነፃ ሲዞር፣ ቢበዛ በጣም ቀላል የሆነ የመታከክ ድምፅ ሲሰማ ልኩ ነው።

ዲስክ ውስጥ ላለው ትንሽ ታምቡር ጎማው መውለቅ አለበት። ዲስኩ ፊት ላይ ያለውን ቀዳዳ ውታፍ ያውጡ፤ ዲስኩን እያዞሩ ቀዳዳውን ከጥርሳሟ ዳዶ ትይዩ ያምጡት። ዲስኩ ማረፊያው ላይ ገጥሞ እንዲቀመጥ ሁለት የጎማ ዳዶ መልሰው ያስሩበት፤ ያለበለዚያ ዲስኩ ያጋድልና ልኩ ይሳሳታል። ዲስኩ ጨርሶ አልዞር እስኪል ያጥብቁ፣ ከዚያ 8 ጥርስ ይመልሱ። የቶዮታ የጥገና ማንዋሎች ለዚህ ዓይነቱ የሚሰጡት ልክ ይህ ነው። 8 ጥርስ ተመልሶም የሚታከክ ከሆነ ሸራው ወይም ታምቡሩ አንድ ችግር አለበት፤ ይከፈት።

ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ላይ አይቸኩሉ። አንደኛው በ4 ጥርስ ሌላው በ15 ከጠበቀ፣ 15 የወሰደውን ከፍቶ ማየት ግድ ነው።

ከተከፈተ ምን ይታያል

ታምቡሩ አልወጣ ካለ በመዶሻ አያድቅቁት። ቶዮታ ታምቡርና ዲስክ ፊት ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ይተዋል፤ 8 ሚሊሜትር ብሎን ሁለት አስገብተው ተራ በተራ ሲያጠብቁ ራሱ እየተገፋ ይወጣል። ሸራው በጥርሳሟ ዳዶ በኩል አስቀድሞ መላላት አለበት።

አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አይንፉ። በአሮጌ ሸራ ውስጥ ለሳንባ እጅግ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ውሃ አርከፍክፈው በጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥረው ይጣሉ። ልጆችን ከአካባቢው ያርቁ።

ሸራው እስከ 1 ሚሊሜትር ከሳሳ ይለወጥ፤ ሁልጊዜም ግራና ቀኙ አብሮ። ላዩ እንደ መስተዋት ካበራ በአሸዋ ወረቀት ሸካራ ያድርጉት። ዘይት ከነካው ግን ማጠብ አያድነውም፤ ቤንዚን ላዩን ቢያደርቀውም ውስጥ የገባው ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ከመለወጥ በፊት ደግሞ ዘይቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። ሽታው የከበደና ወፍራም ከሆነ ከዲፈረንሻሉ በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት) በኩል የመጣ ነው፤ ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ነውና የፍሬን ሲሊንደሩ ያፈስሳል። ኦይል ሲል በተደጋጋሚ የሚያስቸግር ከሆነ ዲፈረንሻሉ አናት ላይ ያለችውን መተንፈሻ ይፈትሹ። በጭቃ ስትደፈን ውስጡ የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። አዲስ ሲል ገዝቶ መተንፈሻዋን እንደተደፈነች መተው ገንዘብ መጣል ነው።

ታምቡሩ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ከተገኘ ሁሉም በውሃ ታጥቦ፣ ሞላዎቹ አንድ በአንድ ታይተው፣ ጥርሳሟ ዳዶ ተፈትታ ትንሽ ግሪስ ተቀብታ ትመለስ። ግሪሱ ሸራ እንዳይነካ።

አሁን ካቦው

ሸራው ልኩን ካገኘ በኋላ የእግር ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡ፣ ማንሻውን ጥቂት ጊዜ ስበው ይልቀቁ፤ ሁሉም ቦታውን ይይዛል። ከዚያ የካቦውን ዳዶ ጥቂት በጥቂት እያጠበቁ ጠቅታውን ይቁጠሩ። ማንሻው በልኩ ሲይዝ ያቁሙ፤ የመቆለፊያ ዳዶዋንም ያጥብቁ።

ማንሻው ሙሉ በሙሉ ወርዶ እያለ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በነፃ መዞር አለባቸው። ሁለት ሦስት ጠቅታ ሲሳብ ሁለቱም በአንድ ላይ መክበድ ይጀምሩ። አንዱ ቀድሞ ከያዘ የዚያኛውን ካቦ ይመልከቱ፤ ሽፋኑ ተቀዶ ውስጡ የዛገ ካቦ ሲጎተት ይሄዳል፣ ሲለቀቅ ግን እያመነታ ነው የሚመለሰው። እንዲህ ያለውን ዘይት እያጠጡ ማቆየት አያዋጣም፣ ይለወጥ። በዳሽቦርድ ላይ ያለው ቀይ መብራትም ማንሻው ሲወርድ መጥፋቱን፣ አንድ ጠቅታ ሲሳብ መብራቱን ይፈትሹ። ጎማዎቹን መልሰው፣ ብሎኖቹን በመስቀል አቅጣጫ ያጥብቁ፤ ትንሽ ከነዱ በኋላ እንደገና ይያዟቸው።

ማለማመድና መፈተን

አዲስ ሸራ ላደረጉ፣ ዲስክ ውስጥ ትንሽ ታምቡር ላላቸው መኪኖች፣ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እንዲገጥም ማለማመድ ያስፈልጋል። ጭር ባለ፣ ደረቅና ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ፣ የማንሻውን መልቀቂያ በአውራ ጣት ተጭነው እንደያዙ፣ በ9 ኪሎ ገደማ ጉልበት ሳብ አድርገው 400 ሜትር ያህል ይንዱ። አቀዝቅዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። መልቀቂያውን ፈጽሞ አይልቀቁ፤ ማንሻው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የእጅ ፍሬን የኋላ መብራት ስለማያበራ ከኋላዎ ተሽከርካሪ አለመኖሩን በመስተዋት እያዩ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጠቅታውን እንደገና ይቁጠሩ።

ለፈተናው ወደ እንጦጦ ጫፍ መውጣት አያስፈልግም፤ ከሥሩ ማንም ሰው የሌለበት መጠነኛ ተዳፋት ይበቃል። በእግር ፍሬን ቆመው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው፣ እግርዎን ከፔዳሉ ሳያርቁ ቀስ ብለው ያንሱ። አፍንጫው ወደ ላይም ወደ ታችም ሆኖ ይሞክሩ፤ ሸራ ወደ አንዱ አቅጣጫ ከሌላው በተሻለ ሊይዝ ይችላል። ባዶ መኪና መያዙ አይበቃም። ጤፍ አሥር ኩንታል ሲጫን አንድ ሺህ ኪሎ ተጨመረበት ማለት ነውና እንደ ልማድዎ ጭነው ይፈትሹት። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ ደግሞ ወርደው መዳፍዎን ሳያስነኩ ወደ ኋላ ቸርኬዎቹ ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌላው በጣም የጋለ ከሆነ ሸራው እየታከከ ነው፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ይመለስ።

ካርዳን ላይ ላለው

በዲፌንደር ላይ ማስተካከያው ከታምቡሩ ጀርባ በሚገኝ ብሎን ነው፤ ታምቡሩ እስኪያዝ አጥብቀው፣ በነፃ እስኪዞር ይመልሱ፣ ከዚያ ካቦው ይከተላል። አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ሥራው ይቀላል። ጥንቃቄው ግን ይበዛል። ይህ ፍሬን የሚይዘው ካርዳኑን ነው፤ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሳ ዲፈረንሻሉ የተነሳውን ጎማ ወደ ኋላ እያሽከረከረ መሬት ላይ ያለውን ወደ ፊት ይለቅቀዋል፤ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ እያለ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይሄዳል። በእነዚህ መኪኖች ጎማ ለመቀየርም ቢሆን ታኮ ሳያደርጉ ክሪክ አይንኩ። መኪናው እየሄደም አይሳብ፤ በካርዳኑ ላይ ድንገት ስለሚያርፍ ሊሰብረው ይችላል። ከላይ የተጻፈው የማለማመድ ዘዴም ለእነዚህ አይሆንም።

የትራንስፈሩ ዱላ ዜሮ ላይ ከቀረ፣ በየትኛውም ፎር ዊል ላይ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዝም፤ ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋል። ከሱባ ወይም ከወጨጫ የጭቃ መንገድ ወጥተው ሲያቆሙ ይህን ዱላ ይዩ። ወንዝ ካቋረጡ በኋላም ጥቂት ርቀት የእግር ፍሬኑን በቀስታ እየረገጡ ሸራውን ያድርቁ፤ ቤት ሲደርሱ የኋላ ጎማዎቹን ውስጥ በኩል ጭቃው ሳይደርቅ በውሃ ይጠቡ፣ የታጠፈችውን ማንሻ በጣት ገፍተው መመለሷን ያረጋግጡ።